ነርሲንግ ትምህርት ቤት ከመግባትዎ በፊት፦ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ማመልከቻው፣ ወጪውና ያዋጣል ወይ የሚለው ሂሳብ

አንድ ፎቅ ላይ ጎን ለጎን የሚሠሩ፣ አንድ ዓይነት ፈተና ያለፉ፣ ደመወዛቸውም የማይራራቅ ሁለት ነርሶች ለትምህርታቸው የከፈሉት ግን በእጅጉ ሊለያይ ይችላል። አንዷ በኮሚዩኒቲ ኮሌጅ 17 ሺህ ዶላር፣ ሌላዋ በግል ትምህርት ቤት 80 ሺህ ዶላር። ስለዚህ «ነርሲንግ ያዋጣል ወይ?» ብሎ ከመጠየቅ በፊት «በየት በኩል ብገባ?» ማለት ይቀድማል። እዚህ የተጻፈው በዋሽንግተን ዲሲ ዙሪያ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ለሚኖር ሰው ነው። ሌላ ስቴት ያለ አንባቢም አካሄዱን መከተል ይችላል፤ ቁጥሩን ግን በራሱ ስቴት ይተካ።

አገር ቤት ነርስ ከነበሩ

ይህን የምናስቀድመው ብዙ ሰው ሳያስፈልገው ከዜሮ ስለሚጀምር ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ በነርስነት የተመረቀና ፈቃድ የነበረው ሰው መጀመሪያ ማድረግ ያለበት ማስረጃውን ማስገምገም ነው፤ ትምህርት ቤት ፍለጋው ይቆየው። ግምገማውን የሚሠራው ሲጂኤፍኤንኤስ ይባል የነበረው፣ አሁን ስሙን ትሩሜሪት ያደረገው ድርጅት ነው። ትራንስክሪፕቱ ከተማሩበት ኮሌጅ፣ የፈቃዱ ማረጋገጫ ደግሞ ከሰጠው መሥሪያ ቤት በቀጥታ መላክ አለበት። እጅዎ ላይ ያለው ዋናው ወረቀት እንኳ ቢሆን አያገለግልም። ወራት የሚበላው ይኸው ስለሆነ አገር ቤት ሬጅስትራር ቢሮ እየተመላለሰ የሚያስፈጽምልዎት ሰው በውክልና ይኑርዎት።

ግምገማው የጎደለ ነገር ሊያሳይ ይችላል። ለምሳሌ በአእምሮ ጤና፣ በሕፃናት ወይም በእናቶች ጤና የተግባር ሰዓት አነሰ ሊባል ይችላል። እንዲህ ከሆነ የጎደለውን ብቻ መሙላት እንጂ ሙሉውን ፕሮግራም መድገም የለብዎትም። የእንግሊዝኛ ፈተናም ይጠየቃሉ። ይህ ሁሉ ተደምሮ እንኳ አዲስ ትምህርት ከመጀመር በጣም ይረክሳል።

የትኛው በር?

ኤልፒኤን፣ ማለትም ከአርኤን በታች ያለው የነርስነት ደረጃ፣ አንድ ዓመት አካባቢ ይወስዳል። አርኤን (ሙሉ ፈቃድ ያለው ነርስ) የሚያደርግዎት ደግሞ ሁለት ዓይነት ትምህርት ነው፤ በኮሚዩኒቲ ኮሌጅ የሚሰጠው ኤዲኤን ወይም የአራት ዓመቱ ዲግሪ ቢኤስኤን። በሌላ ሙያ ዲግሪ ላለው ሰው ከ12 እስከ 18 ወር የሚፈጅ የተፋጠነ ቢኤስኤን አለ። ኤዲኤንም ቢኤስኤንም የጨረሰ የሚፈተነው ኤንክሌክስ አርኤን የሚባለውን ያንኑ የፈቃድ ፈተና ነው፤ የሚሰጠው ፈቃድም አንድ ነው። ሜሪላንድም ቨርጂኒያም የነርሶች ኮምፓክት አባል ስለሆኑ አንዱ ጋ የተሰጠ የኮምፓክት ፈቃድ ሌላው ጋ ያሠራል።

የፌዴራሉ የሠራተኛ ስታቲስቲክስ ቢሮ በሜይ 2024 መረጃው የአርኤን መካከለኛ የዓመት ደመወዝ 93,600 ዶላር፣ የኤልፒኤን 62,340 ዶላር መሆኑን ያሳያል። የሲኤንኤው (የነርስ ረዳት) 39 ሺህ ዶላር አካባቢ ነው። መካከለኛ ማለት ግማሹ ሠራተኛ ከዚያ በላይ፣ ግማሹ ከዚያ በታች ያገኛል ማለት ነው፤ ጀማሪ ነርስ ራሷን ከታችኛው ግማሽ ትቁጠር።

ትልልቅ ሆስፒታሎች ቢኤስኤን ያለውን ያስቀድማሉ የሚባለው እውነት ነው። ያም ሆኖ ለብዙ የእኛ ሰው የምንመክረው ኤዲኤን ጨርሶ ሥራ መያዝ፣ ከዚያ ቢኤስኤኑን በኦንላይን መጨረስ ነው። ቀጣሪ ለሠራተኛው ትምህርት የሚከፍለው ገንዘብ በዓመት እስከ 5,250 ዶላር ድረስ ታክስ አይቆረጥበትም፤ ብዙ ሆስፒታሎችም ይህን ጥቅም ይሰጣሉ። ሜሪላንድ ውስጥ ኤቲቢ በሚባለው አሠራር ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ እየተማሩ የዩኒቨርሲቲውን ኮርሶች ጎን ለጎን መጀመርም ይቻላል። በኤልፒኤን በኩል መሄድ የሚያዋጣው ቶሎ ገቢ ማሳደግ ግድ ለሆነበት ሰው ነው፤ አለበለዚያ ሁለት ጊዜ ማመልከት፣ ሁለት ጊዜ መፈተን ይሆናል።

ትምህርት ቤቱን እንዴት መመርመር

በጃንዋሪ 2023 የፌዴራል መርማሪዎች ኦፕሬሽን ናይቲንጌል ባሉት ዘመቻ ፍሎሪዳ ውስጥ ከነበሩ ሦስት የነርሲንግ ትምህርት ቤቶች ከ7,600 በላይ ሐሰተኛ ዲፕሎማና ትራንስክሪፕት መሸጡን ይፋ አደረጉ፤ 25 ሰዎችም ተከሰሱ። ገዥዎቹ ለአንዱ 10 ሺህ፣ 15 ሺህ ዶላር ከፍለዋል። ኤንክሌክስ አልፈው ሥራ ላይ ከነበሩት ብዙዎቹ ፈቃዳቸው ተነጥቋል። «ክፍል ሳትገባ፣ ክሊኒካል (የሆስፒታል የተግባር ልምምድ) ሳትሠራ አርኤን ትሆናለህ» የሚል ደላላ፣ ዘመድም ቢሆን፣ ገንዘብዎንና የወደፊት ሥራዎን አብሮ ነው የሚወስደው።

ሕጋዊ ትምህርት ቤት ሁሉ ደግሞ ጥሩ ነው ማለት አይደለም። ሦስት ነገር ያረጋግጡ። አንደኛ፣ በስቴቱ የነርሲንግ ቦርድ ድረ ገጽ ላይ በጸደቁት ዝርዝር ውስጥ መኖሩን። ሁለተኛ፣ ኤሲኢኤን ወይም ሲሲኤንኢ በሚባሉት የነርሲንግ ዕውቅና ሰጪዎች መታወቁን። ይህ ከሌለው ክሬዲትዎን ቢኤስኤን የሚሰጥ ዩኒቨርሲቲ ላይቀበለው ይችላል። ሦስተኛ፣ የተማሪዎቹን በመጀመሪያ ሙከራ ኤንክሌክስ የማለፍ መጠን። የሜሪላንድም የቨርጂኒያም ቦርድ ይህን በየትምህርት ቤቱ ያወጣሉ። የአንድ ዓመቱን ብቻ አይዩ፤ የሦስቱን ይዩ። ከ80 በመቶ በታች እየዋለለ የሚሄድ ከሆነ ይለፉት።

ይህ ቁጥር ግን ብቻውን ያታልላል። አንዳንድ ትምህርት ቤት ማለፊያውን 95 በመቶ የሚያደርሰው ደካማ ነው ያለውን ተማሪ መጨረሻ ላይ በመውጫ ፈተና አግዶ ነው። ኮርሱን ሁሉ አልፎ፣ ገንዘቡን ሁሉ ከፍሎ፣ ኤንክሌክስ እንዲቀመጥ ወረቀቱ የማይላክለት ሰው ስታቲስቲክሱ ውስጥ አይገባም። ስለዚህ ምዝገባ ቢሮ ሲሄዱ እንዲህ ብለው ይጠይቁ፦ ከጀመሩት 100 ተማሪዎች ስንቱ በጊዜው ጨረሱ? የመውጫ ፈተና አለ ወይ? ስንት ጊዜ መሞከር ይቻላል? የወደቀ ሰው ምን ይሆናል? ክሊኒካሉ የት ሆስፒታል ነው? መልሱን በኢሜይል እንዲጽፉልዎት ያድርጉ። «ዛሬ ካልፈረምክ ቦታው ያልቃል» የሚል ቢሮ ካጋጠመዎት ሳይፈርሙ ይውጡ።

ሂሳቡ

በምሳሌ እንሥራው፤ የራስዎን ቁጥር ይተኩበት። የሲኤንኤ ክፍያ በሰዓት 20 ዶላር፣ የጀማሪ አርኤን 40 ዶላር ይሁን። ሙሉ ሰዓት ማለት በዓመት 2,080 ሰዓት ነው። ስለዚህ በሲኤንኤነት 41,600፣ በአርኤንነት 83,200 ዶላር፤ ልዩነቱ በዓመት 41,600 ዶላር። ታክስ ሲነሳለት 30 ሺህ አካባቢ በእጅ ይቀራል እንበል።

የኮሚዩኒቲ ኮሌጁ ወጪ፦ 70 ክሬዲት በ200 ዶላር 14,000። መጽሐፍ፣ ዩኒፎርም፣ ስቴቶስኮፕ፣ የኦንላይን ልምምድ ፓኬጅ፣ ክትባትና የጀርባ ምርመራ ተደምሮ 3,000 ይያዙለት። በጠቅላላው 17,000። የግሉ ትምህርት ቤት 80,000 ይሁን፤ ልዩነታቸው 63,000 ነው። ሰማንያውን ሺህ በ7 በመቶ ወለድ ለ10 ዓመት ቢበደሩት በየወሩ 929 ዶላር ይከፍላሉ፤ መጨረሻ ላይ የወጣው ከ111 ሺህ ዶላር ያልፋል። አሥራ ሰባቱ ሺህ በዚያው ወለድ በወር 197 ዶላር ገደማ ነው።

የግሎቹ ክርክር «እኛ ጋ ወረፋ የለም» የሚል ነው፤ ይህም ክርክር ዋጋ አለው። ኮሚዩኒቲ ኮሌጁ አንድ ዓመት ቢያስጠብቅዎት በእጅ የሚገባ 30 ሺህ ዶላር አጡ፤ የቆጠቡት ግን 63 ሺህ ነው። መጠበቁ ያዋጣል። ሁለት ዓመት ከጠበቁ 60 ሺህ አጡ፣ ሁለቱ እኩል መጡ። ከዚያ በላይ ከሆነ ደህና የማለፊያ ውጤት ያለው የግል ትምህርት ቤት ይሻላል። ስለዚህ አንድ ኮሌጅ ላይ ብቻ ተስፋ አይጣሉ፤ በአንድ ዙር ሦስት አራት ቦታ ያመልክቱ።

ሰው የሚረሳው ትልቁ ወጪ ግን የትምህርት ክፍያው አይደለም። ክሊኒካል ሲጀመር ሙሉ ሰዓት መሥራት አይቻልም። በሳምንት ከ40 ወደ 20 ሰዓት ቢወርዱ በዓመት 1,040 ሰዓት፣ ማለትም 20,800 ዶላር ይቀንስብዎታል፤ በሁለት ዓመት 41,600። የኮሌጁን ክፍያ ሁለት እጥፍ ተኩል ያህል ነው። የቤት ኪራዩ፣ የልጆቹ መዋያ፣ አገር ቤት የሚላከው ገንዘብ ከየት እንደሚመጣ ከባለቤትዎ ጋር ቁጭ ብለው በወረቀት ላይ ያስፍሩ። ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ።

ገንዘቡ ከየት ይመጣል?

ፋፍሳ የሚባለው የፌዴራል የትምህርት እርዳታ ማመልከቻ አብዛኛውን ጊዜ ኦክቶበር 1 ይከፈታል፤ በዚያው ሳምንት ይሙሉት። ዜጋ፣ ግሪን ካርድ ያለው፣ ጥገኝነቱ የጸደቀለት ወይም በስደተኛነት የገባ ሰው መብት አለው። በዲቪ የመጣም ግሪን ካርድ ያዥ ስለሆነ ይሞላል። የጥገኝነት ጉዳዩ ገና ውሳኔ ያላገኘ፣ ቲፒኤስ ብቻ ያለው ወይም በተማሪ ቪዛ ያለ ግን የፌዴራል እርዳታ አያገኝም።

የማይመለሰው የፔል ግራንት ጣሪያ ለ2025–26 የትምህርት ዘመን 7,395 ዶላር ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ፤ የመጀመሪያ ዲግሪ ያለው ሰው፣ ዲግሪው ከአዲስ አበባም ሆነ ከጎንደር ዩኒቨርሲቲ ቢሆን፣ ፔል አይሰጠውም። ዲግሪውን ደብቆ መሙላት ደግሞ ኋላ ማስመለስን፣ ከዚያም የባሰ ችግርን ያመጣል። ዲግሪ ያለው ሰው የፌዴራል ብድሩን ግን መውሰድ ይችላል። ራሱን የቻለ የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ በሦስተኛ ዓመት ደረጃ በዓመት እስከ 12,500 ዶላር፣ በጠቅላላው እስከ 57,500 ይበደራል። የተፋጠነው ቢኤስኤን ከዚህ በላይ ከሆነ ልዩነቱ የግል ባንክ ብድር ነው። የባንክ ብድር ብዙ ጊዜ ኮሳይን የሚያደርግ ይጠይቃል፤ ተማሪው ቢያቋርጥ ዕዳው ወደ ፈረመለት ወንድም ወይም ጓደኛ ይዞራል።

ቨርጂኒያ ውስጥ ጂ3 የሚባለው ፕሮግራም ገቢያቸው በተወሰነ ደረጃ ውስጥ ለሆነ ነዋሪዎች የኮሚዩኒቲ ኮሌጅ የጤና ትምህርቶችን ክፍያ ይሸፍናል። ሜሪላንድ የኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ፕሮሚስ ስኮላርሺፕ አላት፤ በዓመት እስከ 5,000 ዶላር። ነዋሪነትም ገንዘብ ነው። ሞንትጎመሪ ኮሌጅ ከካውንቲው ነዋሪ የሚጠይቀውን ከሌላ ካውንቲ የመጣ ሰው እጥፍ ያህል፣ ከሌላ ስቴት የመጣ ደግሞ ሦስት እጥፍ የሚጠጋ ይከፍላል። ቨርጂኒያ የነዋሪ ዋጋ ለማግኘት የአንድ ዓመት መኖሪያ ትጠይቃለች፤ ስለዚህ ስቴት የሚቀይሩ ከሆነ መንጃ ፈቃዱን፣ የኪራይ ውሉንና የታክስ ወረቀቱን ወዲያው ያዛውሩ። እቁብ ካለዎት ደግሞ ዳኛውን ቀደም ብለው ያነጋግሩና ዕጣዎ ሴሚስተር ከሚከፈልበት ወር ጋር እንዲገጥም ያድርጉ።

ከተመረቁ በኋላ የሚረዳም አለ። ነርስ ኮር የሚባለው የፌዴራል ፕሮግራም ነርስ በሚጎድልበት ተቋም ሁለት ዓመት ለሚያገለግል ዜጋ ወይም ግሪን ካርድ ያዥ የነርሲንግ ብድሩን 60 በመቶ ይከፍላል። ውድድር ስላለው ግን እሱን ተማምነው አይበደሩ።

ማመልከቻው

ኮሌጅ መግባትና ነርሲንግ ፕሮግራም መግባት ሁለት የተለያዩ ማመልከቻዎች ናቸው። መጀመሪያ ኮሌጁ ይቀበልዎታል፤ ከዚያ አናቶሚና ፊዚዮሎጂ አንድና ሁለት፣ ማይክሮባዮሎጂ፣ እንግሊዝኛ፣ ሂሳብ ወይም ስታቲስቲክስ፣ ሳይኮሎጂ ይወስዳሉ። ፕሮግራሙ የሚያወዳድረው በእነዚህ ውጤት ነው። ዝቅተኛው ሲ ነው ቢሉም በሲ የሚገባ ሰው ጥቂት ነው። አናቶሚን ከሁለት ሌላ ከባድ ኮርስ ጋር አይደርቡ። መሃል ላይ እየከበደ ከመጣ የማቋረጫው ቀን ሳያልፍ ኮርሱን አቋርጦ ደብሊው መውሰድ ከሲ ወይም ከኤፍ ይሻላል፤ ብዙ ኮሌጅ ደግመው ቢወስዱትም የመጀመሪያውን ውጤት ያያል። ሆኖም ከተመዘገቡበት ክሬዲት 67 በመቶ ያህሉን ካላጠናቀቁ የፌዴራል እርዳታው ሊቆም ስለሚችል ደብሊው አያብዙ። የሳይንስ ኮርሶች ብዙ ቦታ ከአምስት ወይም ከሰባት ዓመት በኋላ ጊዜያቸው ያልፋል።

ቀጥሎ የመግቢያ ፈተናው ነው፤ ቲስ ወይም ሄሲ። ቲስ 170 ጥያቄ በ209 ደቂቃ ነው፤ ንባብ 45፣ ሂሳብ 38፣ ሳይንስ 50፣ እንግሊዝኛ 37። የእኛ ተማሪዎች ሂሳቡን በአብዛኛው ይወጡታል፤ ጊዜ የሚያልቅባቸው ንባቡ ላይ ነው። በቀን አንድ የእንግሊዝኛ ጽሑፍ በሰዓት እየቆጠሩ ማንበብ ከሌላው ጥናት ሁሉ ይበልጣል።

ከኢትዮጵያ የመጣ ትራንስክሪፕት እንደ ደብሊውኢኤስ ባለ ገምጋሚ ይታያል። ኮርስ በኮርስ የሚለውን ዓይነት ያዝዙ፤ ጠቅላላ ግምገማው ለክሬዲት አያገለግልም። ሁለት ነገር እዚህ ላይ ያደናቅፋል። አንዱ ዘመን አቆጣጠር ነው፤ 2008 ዓ.ም. የሚል የምረቃ ዓመት ሳይብራራ ከቀረበ ከእውነተኛው ጊዜ በስምንት ዓመት የቆየ ያስመስለዋል። ሌላው ስም ነው። ትራንስክሪፕቱ ላይ ስምና የአባት ስም፣ ግሪን ካርዱ ላይ የአያት ስም ተጨምሮበት፣ የእንግሊዝኛ ፊደሉም የተለየ ከሆነ ፋይልዎ ለሁለት ይከፈላል። ገና ሲጀምሩ ሁሉን በግሪን ካርዱ ወይም በፓስፖርቱ ስም ያስተካክሉ። ይህ እስከ መጨረሻው ይከተልዎታል፤ ኤንክሌክስ ላይ ስምዎ ከመታወቂያው ጋር ካልገጠመ አያስገቡዎትም፣ የ200 ዶላሩ ክፍያም አይመለስም።

ከተቀበሉ በኋላ

ክሊኒካል ለመግባት የክትባት ማስረጃ፣ የጀርባ ምርመራ፣ የአደንዛዥ ዕፅ ምርመራና የሲፒአር (የልብና የትንፋሽ ማስመለሻ እርዳታ) ማስረጃ ያስፈልጋል። ማሪዋና በሜሪላንድም በቨርጂኒያም ለአዋቂ ቢፈቀድም ምርመራው ላይ ከተገኘ ከፕሮግራሙ ሊያስወጣ ይችላል።

ጊዜ የሚወስደው ሄፓታይተስ ቢ ነው። የተለመደው ሦስት ዙር ስድስት ወር ይፈጃል፤ ሄፕሊሳቭ የሚባለው ግን በሁለት ዙር፣ በአንድ ወር ልዩነት ያልቃል። የቲቢው ምርመራ ደግሞ ለእኛ የተለየ ጉዳይ ነው። በልጅነታችን ክንዳችን ላይ የተከተብነው ቢሲጂ የቆዳውን ምርመራ ያለ በሽታ ሊያሳብጠው ይችላል። ስለዚህ ሐኪምዎን ኳንቲፌሮን የሚባለውን የደም ምርመራ ይጠይቁ፤ እሱን ቢሲጂ አያሳስተውም። እሱም ፖዘቲቭ ካለ የደረት ራጅ ይነሳሉ፣ የተደበቀ ቲቢ ከሆነ መድኃኒት ይወስዳሉ። ትምህርቱን አያስቀርብዎትም፤ ዘግይቶ ማወቅ ግን ሴሚስተር ሊያስጠፋ ይችላል።

ሰው የሚወድቅበት ቦታ

ነርሲንግ ውስጥ ማለፊያው ብዙ ጊዜ ከ75 እስከ 78 በመቶ ነው፤ 74 ወደቀ ማለት ነው። የመድኃኒት ስሌት ፈተናው ደግሞ 90 ወይም 100 በመቶ ይጠይቃል። ናሙናው ይህን ይመስላል፦ ሐኪሙ ሄፓሪን በሰዓት 1,200 ዩኒት አዘዘ፤ 500 ሚሊ ሊትር በሚይዘው ከረጢት ውስጥ 25,000 ዩኒት አለ፤ ፓምፑ በሰዓት ስንት ሚሊ ሊትር ላይ ይሁን? 25,000 ለ500 ሲካፈል በአንድ ሚሊ ሊትር 50 ዩኒት። 1,200 ለ50 ሲካፈል 24። የሚያስወድቀው ሂሳቡ ሳይሆን ሚሊግራምና ማይክሮግራም፣ ፓውንድና ኪሎ መደበላለቁ ነው። ከቁጥሩ ጎን መለኪያውን ሳይጽፉ አያስሉ።

ሌላው ጥያቄ ሽምደዳ የማይሠራበት ነው። አራት ሕመምተኞች አሉዎት፤ ቀዶ ሕክምና ተደርጎለት ሕመሙ ከአሥር ስድስት ነው የሚል፣ ስኳሯ 180 የሆነ፣ የሳንባ ምች ይዞት ዛሬ ጠዋት መወራጨትና መቀባዠር የጀመረ አዛውንት፣ ወደ ቤቱ ሊሄድ ወረቀት የሚጠብቅ። መጀመሪያ ማን ጋ ይሄዳሉ? አሞኛል የሚለው ጋ መሮጥ ያጓጓል። መልሱ ግን አዛውንቱ ናቸው፤ ድንገተኛ መቀባዠር ኦክስጅን እያነሳቸው ሊሆን ይችላል። ኤንክሌክስ በአብዛኛው በዚህ መንገድ ነው የሚጠይቀው፤ ቢያንስ 85፣ ቢበዛ 150 ጥያቄ በአምስት ሰዓት። ከመጀመሪያው ሴሚስተር ጀምረው በየቀኑ እንዲህ ያሉ ጥያቄዎችን ይሥሩ፤ ለምን ያኛው መልስ ስህተት እንደሆነም ጮክ ብለው ይናገሩት።

ጎበዝ ተማሪን ሳይቀር የሚጥለው ግን የሌሊት ፈረቃ ነው። በአሜሪካ ሰዓት አቆጣጠር ማታ 11 ሰዓት ገብቶ ጠዋት 7 ሰዓት ወጥቶ በቀጥታ ክሊኒካል የሚሄድ ሰው የነቃ ይመስለዋል፤ ውጤቱ ግን ይናገራል። ሥራዎን ወደ ቅዳሜና እሑድ የቀን ፈረቃ ለማዛወር ከመመዝገብዎ በፊት አለቃዎን ያነጋግሩ። የመጀመሪያው ፈተና ከማለፊያው በታች ከሆነ በዚያው ሳምንት መምህሯ ቢሮ ይሂዱ፤ የተሳሳቱትን ጥያቄ በዓይነት እንዲለዩልዎት ይጠይቁ። አብዛኛው ፕሮግራም ሁለተኛ ኮርስ የወደቀን ተማሪ ያሰናብታል፣ ተመልሶ ለመግባትም ያስጠብቃል። ስለዚህ የማቋረጫውን ቀንና የመመለሻ ደንቡን ክፍል በጀመረበት ቀን ስልክዎ ላይ መዝግበው ይያዙ።